ቃሉን ቀረጽኩ፣ ወጉ አመለጠኝ

ልጆቼ፣

ለቋንቋ ጥናት መጀመሪያ የወጣሁት በእናንተ ዕድሜ ነው። ካሴት መቅረጫና ረጅም የቃላት ዝርዝር ይዤ፣ ቋንቋቸውን ከሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን አንዷ በነበሩ እናት ፊት ተቀመጥኩ። «ውሃ ምን ይባላል? እሳትስ? ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄደች የሚለውን ይበሉልኝ» እያልኩ ለሳምንታት ጠየቅኳቸው። ሳይሰለቹ መለሱልኝ። ዛሬ እሳቸው የሉም። ካሴቶቹን ሳዳምጥ የግሱ እርባታ አንድም ሳይጎድል አለ፤ ልጅ ሲያባብሉ፣ ሲቆጡ፣ ሲቀልዱ ምን ይሉ እንደነበር ግን የለም። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው መጥታ ረጅም ጨዋታ ሲይዙ፣ ባትሪ እንዳያልቅብኝ ብዬ መቅረጫውን አጠፋሁት። ያ ጸጸት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው።

በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ብዙዎቹን ወላጆች ለልጆቻቸው ማውረስ ትተዋል። ቋንቋ የሚያልፈው የመጨረሻው ተናጋሪ ሲቀበር ይመስለናል፤ ያ ሰው ግን የሚያወጋው ካጣ ዘመናት ሆኖታል። ኡቢክ የተባለውን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩት የመጨረሻው ሰው ቴቭፊክ ኤሴንች እ.ኤ.አ. በ1992 ቱርክ ውስጥ አረፉ። ኡቢክ ከ80 በላይ ተነባቢ ድምፆች ነበሩት። ሊቃውንት ለዓመታት አብረዋቸው ሠርተዋል፣ ድምፃቸው ተቀርጿል፣ የቋንቋው መዝገበ ቃላትም ታትሟል። የገዛ ልጆቻቸው ግን በኡቢክ ሊያወጓቸው አይችሉም ነበር።

መዝገብ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የሰሜን አሜሪካው የዋምፓኖአግ ሕዝብ ቋንቋ ከመቶ ዓመት በላይ ተናጋሪ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባለቤቶቹ ከድሮ የመሬት ሰነዶችና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ተነስተው እየተናገሩት ነው። ነገር ግን የጠፋን ድምፅ ከወረቀት መፈለግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አስቡት። የሚናገር ሰው አጠገባችሁ እያለ ያን መንገድ አትምረጡ።

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 «የቋንቋ ጎጆ» ብለው የጀመሩት ሥራ አያቶችንና ሕፃናትን በአንድ ቤት አገናኝቶ በማኦሪ ቋንቋ ብቻ እያወሩ ማዋል ነበር። ለእናንተ ግን እኔ የምመርጥላችሁ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረውን ነው። አንድ አዋቂ ተናጋሪ ከአንድ ወጣት ጋር ይጣመራል፤ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ሰዓት አብረው ይውላሉ፤ ያብስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጓዛሉ። እንግሊዝኛ ቢቸግርም አይነገርም፤ የጠፋው ቃል በእጅ ምልክት ይሞላል። ወንበርም ጥቁር ሰሌዳም የለም። እኔ ይህን በወጣትነቴ ባውቅ ኖሮ ዝርዝሬን ቤት ትቼ እሄድ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የምትማሩት ዓረፍተ ነገር «ይሄ ምን ይባላል?»፣ ሁለተኛው «ድገሙልኝ» ይሁን፤ ሁለቱንም በዚያው ቋንቋ።

ከእናንተ መሃል ቋንቋውን እየሰማ ያደገ፣ ሁሉን የሚረዳ፣ አፉን መክፈት ግን የሚያፍር እንዳለ አውቃለሁ። በየሄድኩበት አግኝቼዋለሁ። አንድ ቀን ተሳስቶ ተስቆበታል፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። በዚህ ጥፋቱ የእኛ የታላላቆቹ ነው፤ ጥራት እንጠብቃለን ብለን ልጆቹን አሸማቀቅን። አንተ ልጄ፣ አንቺም ልጄ፣ እየተሰባበረም ቢሆን ተናገሩ። የተሰባበረው ይጠገናል፤ ያልተነገረውን ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።

ስትቀርጹ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ አይቀረጽ የተባለ ታሪክም ካለ አይቀረጽ። ድምፁን ሳትጨምቁ፣ ዋቭ (WAV) በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት አስቀምጡ። መግቢያው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ፤ ስም የሌለው ካሴት ከአሥር ዓመት በኋላ ለራሳችሁም እንግዳ ይሆናል። ቅጂውን ሁለት ሦስት ቦታ አኑሩ፣ አንዱ ግን የግድ ለባለቤቶቹ ይሰጥ። የቀረጻችሁትን በዚያው ሳምንት ከተናጋሪው ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት።

ትርፍ ባትሪም ያዙ። የልጅ ልጅ ከበር ስትገባ አስፈቅዱና መቅረጫው ይቀጥል።