የጋዝ ኢኩሊብሪየም ጥያቄዎች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ኬሚስትሪ ሆነዋል። ደስ ብሎኛል።

ደሴ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም ከኮምቦልቻ ያንሳል። ታዲያ ኬ-ፒ በሁለቱ ከተሞች ይለያያል እንዴ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)

ጥያቄህን በጣም ወድጄዋለሁ። አይለያይም። ኬ-ፒ በጋዞቹ ግፊት የሚሰላ የኢኩሊብሪየም (የሚዛን) ቋሚ ቁጥር ነው፤ የአንድን ሪአክሽን ኬ-ፒ የሚቀይረው ሙቀት ብቻ ነው። ሁለቱም ጋ 25 ዲግሪ ከሆነ ቁጥሩ ያው ነው።

የሚለያየው የጋዞቹ ድርሻ ነው። ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድን እንውሰድ። ቀለም የለውም፤ ሲከፈል ግን ከአንዱ ሞለኪውል ሁለት ቡናማ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በ25 ዲግሪ ኬ-ፒው 0.15 ገደማ ነው። የውጭው አየር ብቻ የሚጫነው ፒስተን ባለው ሲሊንደር ውስጥ ነው እንበል። ግፊቱ 1 አትሞስፌር በሆነበት በባሕር ጠለል ላይ 19 በመቶው ይከፈላል። ኮምቦልቻ ግፊቱ 0.8 ገደማ ስለሆነ 21 በመቶ ይሆናል። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ደሴ ደግሞ 0.75 ገደማ ናት፤ እዚያ 22 በመቶ ይደርሳል። ራስህ አስላው፦

የተከፈለው ድርሻ² = ኬ-ፒ ÷ (ኬ-ፒ + 4 × ግፊት)

ግን በወረቀት ብቻ! ቡናማው ጋዝ መርዛማ ነው።

ጥያቄውን አንብቤ ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ከሠንጠረዥ ጀምሪ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ መጀመሪያ የነበረው፣ የተለወጠው፣ መጨረሻ ላይ ያለው። 1 ሊትር ዕቃ ውስጥ 1 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል አዮዲን ገቡ፤ ኬ-ሲ (በጋዞቹ ክምችት የሚሰላው የሚዛን ቋሚ) 49 ነው እንበል። ከሁለቱም ኤክስ ይቀንሳል፣ 2ኤክስ ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይፈጠራል።

(2ኤክስ)² ÷ (1 − ኤክስ)² = 49

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ቅንፉን ፈትቶ ረጅሙ (የኳድራቲክ) ቀመር ውስጥ ይገባል። አትድከሚ። ሁለቱም ጎን ሙሉ ካሬ ስለሆነ ስኩዌር ሩት ውሰጂ፦ 2ኤክስ ÷ (1 − ኤክስ) = 7። ኤክስ 0.78 ገደማ፣ ሃይድሮጅን አዮዳይዱ 1.56 ሞል ይሆናል። ሃይድሮጅንና አዮዲን እኩል ካልገቡ ግን ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ ያኔ ረጅሙ ቀመር ግድ ነው።

ከኬ-ሲ ወደ ኬ-ፒ ስቀይር ሁሌ እሳሳታለሁ። (ተማሪ፣ ደሴ)

ቀመሩ ኬ-ፒ = ኬ-ሲ × (አር × ሙቀት)^(የሞል ልዩነት) ነው። ሙቀቱ በኬልቪን ይሁን፤ በሴልሺየስ ከተሰጠህ 273 ደምር። ግፊቱ በአትሞስፌር ከሆነ አር (የጋዝ ቋሚው) 0.0821 ነው። የሞል ልዩነቱን (ከውጤቱ የጋዝ ሞል የመነሻው ሲቀነስ) ስትቆጥር ጠጣሩን ተወው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ 1 ነው።

ሂሊየም ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለተማሪዎቼ እንዴት ላስረዳ? (መምህር፣ ኮምቦልቻ)

መምህር፣ መጀመሪያ ዕቃውን እንዲያዩ ያድርጓቸው። የዕቃው ይዘት (ቮሊዩም) የማይለወጥ ከሆነ ሚዛኑ አይነቃነቅም። ጠቅላላ ግፊቱ ይጨምራል እንጂ የእያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ግፊት እንዳለ ነው። ፒስተን ኖሮት ጠቅላላ ግፊቱ ካልተለወጠ ግን ዕቃው ይሰፋል፤ ሚዛኑም የጋዝ ሞል ወደሚበዛበት ጎን ያደላል። በሁለቱም ጎን የጋዝ ሞሉ እኩል ከሆነ፣ እንደ ሃይድሮጅንና አዮዲኑ፣ ያኔም ለውጥ የለም።