ቤቱ ፊቱን ወዴት ይዙር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለገጣፎ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አለኝ፤ ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው። መንገዱ በሰሜን ያልፋል። ከኋላ በደቡብ በኩል የጎረቤት ጂ+2 ቤት ከአጥራችን 1 ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል፤ ቁመቱ 10 ሜትር ይሆናል። ጂ+1 ልሠራ ነው። ፊት ለፊት ሰፊ ግቢ እንዲኖረኝ ቤቱን ወደ ኋላ ገፍቼ ከደቡብ አጥር በ2 ሜትር ላይ እንዲያርፍ አስቤያለሁ። አባቴ ግን «ፀሐይ ታጣለህ» ይሉኛል። እውነት ነው?
— ከለገጣፎ

መልስ፦ አባትዎ ትክክል ናቸው፤ መሠረቱ ሳይቆፈር መጠየቅዎም መልካም ሆነ።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናቸው። ከነሐሴ 23 ገደማ እስከ ሚያዝያ 5 ገደማ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በቀሩት ወራት በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ይህ ግን ከሞላ ጎደል ክረምቱን ይዞ ስለሚሄድ ደመናው ይጋርዳታል። ቅዝቃዜው የሚጠናው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቆረጥም ነው። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ያለችው በደቡብ ነው። ደጋ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ውድ ሀብት ይህ የበጋ የደቡብ ፀሐይ ነው።

አሁን የጎረቤትዎን ጥላ እንለካ። ፀሐይ በደቡብ በጣም ዝቅ የምትለው ታኅሣሥ 12 ገደማ ሲሆን በእኩለ ቀን ከአድማሱ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ትላለች። ባለ 10 ሜትሩ ሕንፃ በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን 6.4 ሜትር ጥላ ይጥላል። እርስዎ እንዳሰቡት ከአጥሩ 2 ሜትር፣ ከጎረቤት ግድግዳ 3 ሜትር ላይ ከሠሩ ጥላው በግድግዳዎ ላይ እስከ 5.3 ሜትር ይወጣል። ምድር ቤቱ በሙሉ፣ ከላይኛው ፎቅም እስከ መስኮት ድረስ ያለው ክፍል በእኩለ ቀን እንኳ ፀሐይ አያይም ማለት ነው። ጠዋትና ከሰዓት ጥላው ከዚህም ይብሳል።

ቤቱን ወደ መንገዱ ያስጠጉት። ፊት ለፊት ለመኪናው 5 ሜትር፣ ለቤቱ ጥልቀት 9 ሜትር፣ ከኋላ ለደቡቡ ግቢ 6 ሜትር ይተዉ፤ ተደምሮ 20 ሜትር ይሞላል። የደቡብ ግድግዳዎ ከጎረቤት ሕንፃ 7 ሜትር ይርቃል፤ በታኅሣሥ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 እስከ 8 ሰዓት ከ20 ገደማ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ጥላው እያጠረ ይሄዳል። ሰርቪስ ቤቱን ከደቡብ አጥሩ ጋር አስጠግተው በ2.5 ሜትር ስፋት ይሥሩት። ቦታው ለወትሮውም የጎረቤት ጥላ የሚተኛበት ስለሆነ የሚያጡት የለም። ቁመቱ 2.8 ሜትር ከሆነ የራሱ ጥላ በእኩለ ቀን ከ1.8 ሜትር አያልፍም፤ በመካከል የሚቀረው 3.5 ሜትር ለልብስ ማስጫም፣ በርበሬና እህል ለማድረቅም ይበቃል፤ በታኅሣሥ ግን አብዛኛውን የጎረቤት ጥላ ይይዘዋል። ከአጥር ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎ ግን ፕላኑ ከመሣሉ በፊት ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ያረጋግጡ።

ክፍሎቹን ሲደለድሉ ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ደቡቡን ይያዙ። ማዕድ ቤቱ፣ ደረጃው፣ ዕቃ ቤቱና መታጠቢያው ወደ ሰሜን ይሁኑ፤ ማዕድ ቤት የራሱ እሳት አለው፣ ጓዳም ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል። መታጠቢያው ግን የሚከፈት መስኮት ይኑረው፤ አለበለዚያ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ሻጋታ ይወጣል። ከመኝታ ቤቶች ደቡብ ምሥራቁ ማልዶ ለሚነሣ ሰው ደስ ይላል። ደቡብ ምዕራቡን ለልጆች ብትሰጡት እንመርጣለን። ብሎኬቱ የከሰዓቱን ሙቀት ይዞ ምሽት ላይ ስለሚለቅ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሰው በሚያጠኑበት ሰዓት ክፍሉ ሞቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጣሪያው ክፈፍ ነው። ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከራሱ በታች 94 ሳንቲ ሜትር ያጠላል። ክፈፉ ከመስኮቱ አናት በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለና መስኮቱ 1.4 ሜትር ከሆነ፣ ከመስኮቱ ላይ 64ቱ ተጋርዶ 76 ሳንቲ ሜትሩ ፀሐይ ያስገባል። «ለዝናብ ይሻላል» ብለው 1 ሜትር ካወጡት ግን ከ1.4 ሜትሩ 1.27 ሜትሩ ይጋረዳል። በደቡብ በኩል ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ አሸንዳውን በደንብ ያሠሩ። የላይኛው ፎቅ በረንዳም ለምድር ቤቱ ክፈፍ ነው፦ በደቡብ 1.2 ሜትር በረንዳ ካወጡ የምድር ቤቱን መስኮት ራስዎ አጨለሙት። በረንዳ ከወደዱ በሰሜን፣ በመንገዱ በኩል ያድርጉት።

ጥያቄ፦ በስልኬ ኮምፓስ ሰሜንን ስፈልግ ቦታው ላይ በቆምኩ ቁጥር የተለያየ አቅጣጫ ይሰጠኛል። ችካል ከመምታቴ በፊት በምን ላረጋግጥ?
— ከሱሉልታ

መልስ፦ ስልኩ በብረት ይታለላል። የተከመረ ፌሮ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ መኪና፣ ማግኔት ያለው የስልክ ልባስ ሁሉ ያዛቡታል። ፀሐይ ግን አትታለልም።

1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ይትከሉና በቱንቢ ቀጥታውን ያረጋግጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ምስማር ይምቱ። ሲባጎ ከዘንጉ ሥር አስረው እስከ ምስማሩ ድረስ ይለኩና በዚያው ርዝመት መሬቱ ላይ ክብ ይሥሩ። ጥላው እስከ እኩለ ቀን እያጠረ ወደ ክቡ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መልሶ ይረዝማል። ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አጠገቡ ሆነው ይጠብቁ። ጫፉ ክቡን እንደገና በነካበት ቅጽበት ሁለተኛውን ምስማር ይምቱ። በሁለቱ ምስማሮች መካከል የተወጠረ ክር የመጀመሪያው ምስማር ባለበት በኩል ምዕራብን፣ በሁለተኛው በኩል ምሥራቅን ያሳያል። ሰሜን ከዚህ ክር በስኳድራ ይገኛል፦ ጎኖቹ 3፣ 4፣ 5 ሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን በክር ሲወጥሩ፣ በ3ቱና በ4ቱ መካከል ቀጥተኛ ማዕዘን ይወጣል።

ሥራውን የሚያበላሹት የዘመመ ዘንግና ተዳፋት መሬት ናቸው። ሰዓቱን አይቶ «6 ሰዓት ላይ ጥላው ሰሜንን ያሳያል» ማለትም ያሳስታል። በአዲስ አበባ አካባቢ እውነተኛው እኩለ ቀን እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚውለው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ልንሠራ ነው። መንገዱ በምዕራብ ስለሆነ የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ወደዚያ አድርገን በወፍራም መጋረጃ እንከላከል ብለናል። ይበቃል?
— ከድሬዳዋ

መልስ፦ አይበቃም። መስታወቱን አልፎ የገባ ፀሐይ መጋረጃውን ያግላል፣ መጋረጃውም ክፍሉን ያግላል። ሙቀት መቆም ያለበት ከመስታወቱ ውጭ ነው።

በድሬዳዋ ከላይ ለለገጣፎው አንባቢ ያልነውን ገልብጣችሁ ያዙት፤ እዚያ ፀሐይ የሚፈለግ፣ እዚህ የሚሸሹት ነው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ክፈፍ አይመክታትም። በመስከረምና በመጋቢት ከ10 ሰዓት በኋላ ከፍታዋ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ 1.2 ሜትር ቁመት ያለውን የምዕራብ መስኮት በክፈፍ ብቻ ለመጋረድ ከ2 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። 2 ሜትር ከወጣ ደግሞ በረንዳ ሆነ። ስለዚህ በረንዳ አድርጉት፦ 2.5 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በምዕራብ ፊቱ ከወገብ በላይ የእንጨት ወይም የሸንበቆ ርብራብ የተሠራለት። ርብራቡ ነፋስ እያሳለፈ ፀሐይዋን ይከለክላል።

የቤቱ ረጅም ጎኖች ሰሜንና ደቡብን እንዲያዩ፣ አጭሩ ጎን ምዕራብን እንዲይዝ አድርጉ። በዚያ አጭር ጎን ደረጃ፣ ዕቃ ቤትና መታጠቢያ ይግቡ፤ ሙቀቱን እነሱ ይቀበሉ። መኝታ ቤቶቹ ምሥራቅን ይያዙ፤ የጠዋቱ ሙቀት እስከ ማታ ይወጣላቸዋል። መስኮቶች በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ትይዩ ይሁኑ፤ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነፋስ የሚገባበት ቢኖረውም የሚወጣበት የለውም። ከኮርኒሱ ሥር ወንፊት የተሠራለት ቀዳዳ ተዉ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ። ከምዕራቡ ግድግዳ 4 ወይም 5 ሜትር ርቃችሁ ኒም ትከሉ። ግድግዳውንም ነጭ ቀቡት፣ ከሁሉም የሚረክሰው ይኸው ነው። የላዩ ጣሪያ ሶሌታ (ጠፍጣፋ ኮንክሪት) ከሆነ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ መኝታችሁ ስለሚለቀው፣ በላዩ ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትታችሁ የቆርቆሮ ዳስ ብታክሉበት ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ የምንኖርበትን ቤት ፕላን ወስደን አዲስ አበባ መሥራት እንፈልጋለን። እዚህ በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥ ገደማ፣ ፀሐይ እስከ ሳሎኑ መካከል ትገባለች። እዚያም እንደዚሁ ይሆናል?
— ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ አይሆንም። እናንተ ያላችሁት 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ እዚያ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ አናቱ ከወለሉ 2.1 ሜትር በሆነ የደቡብ መስኮት 4 ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። በአዲስ አበባ በዚያው ቀንና በዚያው መስኮት የምትገባው 1.3 ሜትር ነው። ጥልቅ ሳሎን አሠርታችሁ መካከሉ ይሞቃል ብላችሁ አትጠብቁ። የክፍሎቹን ጥልቀት ከ4 ሜትር አታሳልፉ፣ በደቡቡ ላይ የምሥራቅ መስኮትም ጨምሩበት፤ የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጥልቅ ትገባለች።

ሌላው ልዩነት በሰሜን በኩል ነው። ቨርጂኒያ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን ስለማትሆን ፕላናችሁ በዚያ ጎን መስኮት አሳንሶ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ያን መስኮት አታሳንሱት። በክረምት ከደመናው መካከል ብልጭ የምትለውን ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ነው፣ ሲጨልምም መብራት ያድናል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ፕላኑን ለመንገዱ ሲባል በመስታወት እንደሚታይ ምስል ገልብጠው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ምሥራቅ ያላችሁት መኝታ ቤት ምዕራብ ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት የሰሜን ምልክቱን በየገጹ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ከተሠራ 12 ዓመቱ ነው። ሳሎኑ በደቡብ፣ መኝታ ቤቶቹ በሰሜን ናቸው፤ ልጆቹ በብርድ ይሠቃያሉ። ማፍረስ አንችልም።
— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ማፍረስ አያስፈልግም። መጀመሪያ ክፍሎቹን ቀይሩ። ሳሎኑ ሰፊ ከሆነ በቀላል ግድግዳ ከፍላችሁ አንዱን ወገን የልጆች መኝታ አድርጉት፤ ከሰሜኖቹ አንዱ እንግዳ መቀበያ ይሁን። ልጆች በየሌሊቱ ይተኛሉ፣ እንግዳ ግን ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል።

ከዚያ ወደ ጣሪያው ተመልከቱ። በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ኮርኒስ ከሌለ ወይም ከግድግዳው ጋር ያልገጠመ ክፍተት ካለው የክፍሉ ሙቀት ሁሉ በዚያ ይወጣል። ክፍተቱን ድፈኑ፣ ከኮርኒሱ በላይም ሙቀት የሚይዝ የፋይበር ንጣፍ ዘርጉ። ጭድ ወይም ሣር አታድርጉ፤ አይጥ ይፈለፈልበታል፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋርም ለእሳት ይዳርጋል።

የደቡቡን መስኮት ማስፋት ከፈለጋችሁ ቤቱ የኮንክሪት ዓምድና ወራጅ ካለው ብሎኬቱ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከመክፈቻው በላይ አርኪትራቭ (ከላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም አግዳሚ) ይግባ፣ በግራና በቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይቀመጥ። ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን የተሸከመ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያይ አንድ ብሎኬት አታውጡ። በደቡብ በኩል ባሕር ዛፍ ካላችሁም ለኩት፦ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን 10 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ቤታችሁ በዚያ ርቀት ውስጥ ከሆነ ከመስኮቱ ይልቅ ዛፉን መቁረጥ ይቀድማል።