ኩኪውን አጠፋሁ፤ ማስታወቂያው ግን አልለቀቀኝም

ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ የኢንተርኔት ድርጅቴ አያየኝም አይደል?

ያያል። ኢንኮግኒቶ ማለት ስልክዎ የከፈቱትን ገጽ እንዳይመዘግብ ማድረጊያ ነው፤ የሚደብቅዎት ያንኑ ስልክ ከሚነካካ ሰው ብቻ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እናት በየሳምንቱ ኩኪ (ድረ ገጽ እኛን ለይቶ ለማስታወስ ስልካችን ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል) ያጠፋሉ። ማስታወቂያው ግን ይከተላቸዋል። «የስልክ ድርጅቱ እጁ ይኖርበት ይሆን?» ይላሉ።

እህቴ፣ ስልክዎን ሳላይ አዎ ማለት አልችልም። ጥርጣሬዎ ግን ከመሬት አልተነሳም። የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ቬራይዘን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንበኞቹ በስልክ ዳታ ያልተመሰጠረ ድረ ገጽ በከፈቱ ቁጥር መለያ ቁጥር ይለጥፍባቸው ነበር። ቁጥሩ የሚለጠፈው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ደብዳቤዎን አሽገው ይልካሉ፤ ፖስተኛው ፖስታው ላይ የእርስዎን ቁጥር ጽፎ ያደርሳል እንደማለት። ታዲያ ቤትዎን ቢጠርጉ ምን ዋጋ አለው? ተርን የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት በዚያ ቁጥር እየተመራ ሰዎች ያጠፉትን ኩኪ መልሶ ይተክል ነበር። የቬራይዘን ቁጥር በ2014፣ የተርን ሥራ ደግሞ በ2015 መጀመሪያ ወጣ። በ2016 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቬራይዘንን 1.35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አንድ ድረ ገጽ ካላማረን ትተነው እንሄዳለን። በሩ ላይ የቆመውን የኢንተርኔት ድርጅት ግን በየት በኩል እናልፈዋለን? የምንከፍተው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ያውም በየወሩ እየከፈልነው። እንግዲያው ቀድሞ ይጠይቀን! በጥቅምት 2016 ኮሚሽኑ ይህንኑ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ኮንግረስ በ2017 ሻረው።

ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ስለሆነ ድርጅቱ ያነበቡትን ገጽ አያይም። የድረ ገጹን ስም ግን ብዙ ጊዜ ያያል። የካንሰር ሕክምና ማዕከል ስም ብቻውን ስንቱን ይናገራል!

የቬራይዘን ደንበኛ ከሆኑ ዛሬ ማታ መተግበሪያውን ይክፈቱ። ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር «ከስተም ኤክስፒሪያንስ»ን (ድርጅቱ የሚከፍቷቸውን ድረ ገጾች እያየ የሚያቀርብልዎትን የሚመርጥበትን) ፈልገው ያጥፉት። እርስዎ ካልነኩት በርቶ ነው የሚቆየው። ፋሚሊ ፕላን ካላችሁ የልጆቹንም መስመር አንድ በአንድ ይዩ።

ነጻ ቪፒኤን ልጫን?

አይጫኑ። ቪፒኤን የሚከፍቱትን ሁሉ በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ ነው፤ የሚያይዎትን ሰው ይቀይርልዎታል እንጂ ዓይኑን አይጨፍነውም። ገንዘብ ካልጠየቀዎት በምን ይተዳደራል?

አንድ ወንድም በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ስለ ሕመሙ ያነበበው አለቃው ጋ ደርሶ ከሥራ ሊያሰናብቱት ነው።

ወንድሜ፣ ይኼ በዓምድ የሚመለስ ጉዳይ አይደለም። የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ ነገ ሳይሉ። የተጻፈልዎትን ሁሉ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ጠበቃው ሳያየው ምንም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ፤ አደራ።