ጥያቄና መልስ፦ ለጋሹ ሲሄድ ማኅበሩ ይቆማል?

ባሕር ዳር ውስጥ የትናንሽ በጎ አድራጎት ማኅበራትን ሒሳብ ስመረምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ጠይቁኝ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ለጋሻችን ከሰኔ በኋላ አይቀጥልም። ባንክ 400 ሺህ ብር አለን። ስንት ወር ያቆየናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ብሩ የማን ነው? 340 ሺሁ ለመጽሐፍ መግዣ ተብሎ ከተሰጠ የእናንተ 60 ሺህ ብቻ ነው። ኪራይ፣ ጥበቃና ደመወዝ በወር 30 ሺህ ከፈጀ ሁለት ወር ነው ያላችሁ። ጣና ዳር ባለ አንድ የማኅበር ቢሮ ሊቀመንበሩ የባንክ መግለጫውን ድምር በቀይ እስክሪብቶ ከብቦ በደስታ አሳየኝ። ከለጋሹ ጋር የፈረሙትን ውል ከደረሰኝ ክምር ሥር አውጥቼ አነበብኩለት፤ ለቤት ኪራይ የሚውል አንድ ብር አልነበረበትም። ዝም አለ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ብዙዎች የራሳቸውን ብር ለይተው ሳያውቁ ነው የደረሰባቸው። የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ፣ ከተቻለ የስድስት፣ ከራሳችሁ ገቢ አስቀምጡ።

ከቀበሌ 14፦ ለአስተዳደር 30 በመቶ ይፈቀዳል አይደል?

መልስ፦ አይደለም። እሱ በቀድሞው አዋጅ ጊዜ ቀረ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ጣሪያው 20 በመቶ ነው።

ከዘጌ፦ የዘጌን ቡና ቆልተን ብንሸጥስ?

መልስ፦ ሕጉ ይፈቅዳል። ትርፉ ግን ለአባላት አይከፋፈልም፤ ለማኅበሩ ዓላማ ብቻ ነው የሚውለው። ሒሳቡን ከዕርዳታው ጋር አትቀላቅሉ።

ከግሽ ዓባይ፦ ምን ለጋሽ አስፈለገ? እድራችን በወር መዋጮ ብቻ ይኸው አለ።

ከሽምብጥ፦ እድር ለአባላቱ ነው የቆመው። እኛ የምናስተምራቸው ልጆች እናቶች ዓሣ ቸርቻሪዎች ናቸው፤ ከየት ያዋጣሉ?

ከግሽ ዓባይ፦ እናቶቹ አላልኩም፤ እናንተ መሥራቾቹ አዋጡ!

ከዘጌ፦ ለእንቦጭ ነቀላ አዋጥተን አልነበረም?

መልስ፦ እንቦጩን ለሌላ ቀን አቆዩት። መዋጮ ትንሽ ቢሆንም ያለ ውል የሚገባ የራሳችሁ ብር ነው፤ ጀምሩት።

ከቀበሌ 14፦ በሐምሌ 2016 ዶላሩ በገበያ ዋጋ ሲሆን ዕርዳታችን በብር በዛ። ልዩነቱን እናስቀምጠው?

መልስ፦ ለጋሹ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አትንኩት። ደግሞም ወረቀቱም ነዳጁም አብሮ ተወድዷል።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ ገንዘብ እንዴት እናግኝ?

መልስ፦ ይህን እንዴት ልመልሰው? የወር ወጪያችሁን ጽፋችሁ አምጡ።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ እሺ። ባንክ 200 ሺህ ብር አለን፣ ይበቃናል?

መልስ፦ የማን ነው ብሩ? ከላይ የጻፍኩትን አንብቢ እህቴ። ውሉን አውጪ፣ ለይተሽ ጻፊና ላኪልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።