ሀብቱን ሰጥቶ የጨረሰው ባለሱቅ፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ቻክ ፊኒ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከሂርማታ ገበያ ነጋዴዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከሰፈር አባቶች ጥያቄው ጎረፈ። ለማያውቁት፦ ፊኒ አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር። በአየር ማረፊያዎች ከቀረጥ ነፃ ዕቃ የሚሸጠውን ዲዩቲ ፍሪ ሾፐርስን ከአጋሩ ጋር መሥርቶ ቢሊየነር ሆነ። ከዚያ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቶ ጨረሰ። ታሪኩን ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ ሰውየውን ከልቤ ነው የማከብረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ድሮውንም የሀብታም ልጅ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በ1931 በኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤት ከተማ ተወለደ። ዘሩ ከአየርላንድ ነው። እናቱ ነርስ፣ አባቱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበሩ። በኮሪያ ጦርነት ዘመን የአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ጃፓን አገለገለ። ከዚያ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው ድጋፍ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሆቴል አስተዳደር ተማረ። ኪሱን የሚደጉመው ለተማሪዎች ሳንድዊች እየሸጠ ነበር። በ1956 ተመረቀ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ልብስ እሸጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ይደራል፣ ግን ትርፏ እዚያው ናት። ከሱቅ እንዴት ቢሊዮን ይወጣል?

መልስ፦ ነገሩ ያለው ቀረጡ ላይ ነው፣ ወንድሜ። ውስኪ፣ ሽቶና ሲጋራ አገር ውስጥ ሲገቡ ከባድ ቀረጥ ይጣልባቸዋል። ድንበር ለሚሻገር መንገደኛ ሲሸጡ ግን ያ ቀረጥ የለም። ሻጩ ከከተማው ሱቅ አርክሶ ሸጦም ጠቀም ያለ ትርፍ ይተርፈዋል። ከጅማ ወደ ቦሌ ስትበር እንዲህ ያለ ሱቅ የማታገኘው ለዚህ ነው፤ ከአገር አልወጣህም።

ፊኒ ሥራውን የጀመረው በሜዲትራኒያን ወደቦች ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞችን እያነጋገረ የመጠጥ ትዕዛዝ ይቀበላል። መጠጡን መርከበኛው አገሩ ሲገባ ያገኘዋል። መጋዘን አላስፈለገውም። በ1960 እንደ እሱ ኮርኔል ከተማረው ሮበርት ሚለር ጋር ዲዩቲ ፍሪ ሾፐርስን መሠረቱ፤ ከዚያም ሆንግ ኮንግና ሃዋይ ላይ ሱቅ ከፈቱ። መሀል ላይ ሊከስሩ ጫፍ ደርሰው ነበር። አለን ፓርከር የተባለ የሒሳብ ባለሙያ ገብቶ መዝገባቸውን ፈር ባያስይዘው ኖሮ ይህን ታሪክ አናወራም ነበር።

ዋናው ዕድል የመጣው በ1964 ነው። ጃፓን ዜጎቿ ለሽርሽር ወደ ውጭ እንዲወጡ ፈቀደች። ጃፓናዊ ከመንገድ ሲመለስ ለቤተሰቡም ለአለቃውም ስጦታ ይዞ ነው የሚገባው፤ ባዶ እጅ ነውር ነው። አገሩ ደግሞ ኮኛክ በቀረጥ ምክንያት እሳት ነው። ፊኒ ጃፓን ኖሯልና ይህን ያውቃል። ጃፓንኛ የሚናገሩ ሻጮች ተቀጠሩ። ከአስጎብኚዎች ጋር ስምምነት ተደረገ። የአየር ማረፊያ ሱቅ የሚገኘው በጨረታ ነው፤ እነሱ ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ጃፓናዊ እንደሚመጣ አስልተው ነበር ዋጋ የሚያቀርቡት። ሌላው ውድ ነው ብሎ የሚሸሸውን ዋጋ እነሱ ሳይፈሩ ይሰጣሉ። ለእኔ የሰውየው ትልቁ ችሎታ ይሄ ነው፦ ገዢው ሳይመጣ ገዢውን ያውቀው ነበር።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰጠው ትርፉን ነው ወይስ ዋናውን?

መልስ፦ ዋናውን! ጥሩ ቦታ ገባህ። በ1982 አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። በ1984 ደግሞ በዲዩቲ ፍሪ ሾፐርስ ውስጥ የነበረውን 38.75 በመቶ ድርሻ ለዚሁ ድርጅት አዛወረ። ለጅማ ሰው በቡና ልንገርህ፦ ፍሬውን ለቅሞ አይደለም የሰጠው፣ ተክሉን ከነመሬቱ ነው። ፎርብስ መጽሔት በ1988 ከአሜሪካ ሀብታሞች ተርታ ሲያሰልፈው ሀብቱ የእሱ መሆኑ ካበቃ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። እሱም ዝም አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ተብለናል። ይህ ሰው ሙስሊም ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም አባቴ፣ ካቶሊክ ሆኖ ነው ያደገው። ግን የነገሩኝን ነገር ከእናቱ ያየው ይመስለኛል። ጎረቤታቸው በሕመም ምክንያት መራመድ የሚቸግረው ሰው ነበር። እናቱ ሰውየው ወደ አውቶቡስ ሲያዘግም ባየችው ቁጥር የምትሄድበት ቦታ ያላት አስመስላ መኪናዋን አስነስታ ትወጣለች። “በዚያው ላድርስህ” ትለዋለች። አንድም ቀን ለአንተ ብዬ ነው አላለችውም።

እሱም ድርጅቱን ቤርሙዳ ላይ ያቋቋመው ስሙ እንዳይወጣ ነው። በዚህም የተነሳ በአሜሪካ በጎ አድራጊ የሚያገኘው የግብር ቅናሽ ቀረበት። ተቀባዮችም ሰጪውን እንዳይገልጡ ይነገራቸዋል። ሕንፃ ላይ ስሙን መለጠፍ አይታሰብም። የታወቀው በ1997 ነው። ድርሻው ለፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ኤልቪኤምኤች ሲሸጥ ከሚለር ጋር ክርክር ተነሳ። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሚታወቅ ራሱ ይናገር ብሎ ለጋዜጣ ገለጠ።

ጥያቄ፦ ከዘካና ከወቅፍ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዘካ በእስልምና ግዴታ የሆነ ምጽዋት ነው። ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚወጣበት ዝቅተኛው መጠን ሞልቶ ዓመት ከቆየ ሀብት ላይ 2.5 በመቶ ይወጣል። የፊኒ በፈቃድ ነው። ለበጎ ሥራ ተለይቶ ወደሚቀመጥ ንብረት፣ ወደ ወቅፍ የሚቀርብ ይመስላል፣ ግን ወቅፍ ላይ ዋናው ተጠብቆ ይኖራል፤ ጥቅሙ ነው የሚከፋፈለው። ፊኒ ዋናውም ይለቅ አለ። አትላንቲክ ገንዘቡን ሁሉ ሰጥቶ በ2020 በይፋ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሐሳብ ልስጥ። መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ በየዓመቱ ወጪ አለው፤ ለእነሱ ዋናው ተቀምጦ ፍሬውን መብላት ይሻላል። ዛሬ ካልታከመ ነገ የሚገድል በሽታ ላይ ግን ገንዘብ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ፊኒ የመረጣቸው ችግሮች በብዛት የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። እሱም በሕይወቱ ውጤቱን እያየ መስጠት ይፈልግ ነበር። ልክ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ የት ገባ? ኢትዮጵያስ?

መልስ፦ ዋናዎቹ አገሮች አሜሪካ፣ አየርላንድ፣ ሰሜን አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ቬትናም፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኩባና ቤርሙዳ ናቸው። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረችም። ለተማረበት ኮርኔል ብቻ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ 350 ሚሊዮኑ ኒው ዮርክ ላይ ለተሠራው የቴክኖሎጂ ካምፓስ ነው። በአየርላንድ የሊመሪክን ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ የከፍተኛ ትምህርቱንና የምርምሩን መልክ ቀይሯል።

እኔን ግን የሚነካኝ ቬትናም ነው። ዳናንግ ላይ ሆስፒታል አሠራ። የጤና ጣቢያዎችን አሳደሰ። የሞተር ሳይክል ቆብ ላይ የተካሄደውንም ዘመቻ ደገፈ። በ2007 ቬትናም ቆብን በሕግ ግዴታ ስታደርግ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አጠለቀ። በሞተርና በባጃጅ አደጋ ተጎድተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚገቡ ወጣቶችን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ሕግ ስንት ጭንቅላት ያድናል!

ጥያቄ፦ አሥር ዶላር ሰዓት ያስር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ የፕላስቲክ ካሲዮ። ዕቃውንም በፌስታል ይይዝ ነበር። ለብዙ ዓመት ኢኮኖሚ ክፍል ነው የበረረው። በመጨረሻ ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኪራይ አፓርታማ ኖረ። ለመጦሪያ ያስቀረው 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በጥቅምት 2023 በ92 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ ልጆቹን ባዶ አስቀራቸው?

መልስ፦ አላስቀራቸውም። አምስት ልጆች አሉት። ለመጀመሪያ ሚስቱና ለልጆቹ ቀድሞ ድርሻ ሰጥቷል። በወጣትነታቸው ግን በክረምት ዕረፍት ተቀጥረው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር።

ጥያቄ፦ እንከን የለውም? መልአክ አደረግኸው።

መልስ፦ አለው እንጂ። ንግዱ የተደራጀው ግብር በሚያንስባቸው አገሮች በኩል ነበር፤ ይህ አይካድም። ማንም ያልመረጠው አንድ ሀብታም የአገርን የትምህርትና የጤና አቅጣጫ በገንዘቡ ማዞሩም ተገቢ ጥያቄ ነው። በድብቅ ሲሆን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? በእኔ ግምት ይህን ያቃለለው ብዙ ጊዜ ከመንግሥታትና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ መሥራቱ ነው። እናንተም ገንዘባችሁን ስትጨምሩ እኔም እጨምራለሁ ይላል። እንዲህ ሲሆን የአገሬው ሰው ቃል ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ድርጅቱ ከተዘጋ ለእኛ የቀረ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ። ከመዘጋቱ በፊት አትላንቲክ ፌሎውስ ለሚባል የሥልጠና ፕሮግራም ብዙ ገንዘብ መድቧል። በተለያዩ አገሮች ሰባት ፕሮግራሞች አሉት። አንዱ በአንጎል ጤና ላይ ነው፤ በተለይ በዕድሜ በሚመጣ የመርሳት ችግር ላይ። የሚሰጠው በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ይቀበላል። በአትላንቲክ ፌሎውስ ስም ፈልጊና የማመልከቻ መስፈርቱን አንብቢ። ማመልከቻሽን ስትጽፊ እዚህ ጅማ ከምታስታምሚያቸው አረጋውያን ያየሽውን ችግር ዘርዝረሽ ጻፊ። ረቂቁን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።