«ኮምፒውተሩ እያጭበረበረኝ ነው!» እና ሌሎች የጌም ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ከሐዋሳ ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ትልልቅ ጌም አይሸከምም። አንድ ጓደኛዬ ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባለውን የጦርነት ጌም በፍላሽ ሰጠኝና ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጣብቄበታለሁ። ግን አንድም ውጊያ በወጉ አላሸነፍኩም። አስማተኛዬ የመምታት ዕድሉ 70 በመቶ ነው ይለኛል፣ ሦስቴ ይተኩሳል፣ ሦስቱንም ይስታል! ኮምፒውተሩ የሚያዛቸው ኦርኮች የሚባሉት ጭራቆች ግን መሳት የሚባል ነገር አያውቁም። እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ ጌም አያጭበረብርም?

መልስ፦ አያጭበረብርም። እኔም ድሮ «ያጭበረብራል» ብዬ የምምልበት ጊዜ ስለነበር ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን እንየው። 70 በመቶ ይመታል ማለት 30 በመቶ ይስታል ማለት ነው። ሦስቱንም የመሳት ዕድሉ 2.7 በመቶ ይመጣል፣ ከ37 ጥቃት አንዱ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ሳምንት ለተጫወተ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ጦር ይዞ የሚዋጋው ወታደርህ፣ ባለ ጦሩ፣ ሜዳ ላይ የቆመ ኦርክ ሦስቴ ሲወጋ ደግሞ የመምታት ዕድሉ 60 በመቶ ስለሆነ ከ15 ወይም ከ16 ጊዜ አንዴ ሦስቱንም ይስታል። ያንተን መሳት ትቆጥራለህ፣ ኦርኩ የሳተልህን ማን ይቆጥርልሃል?

ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ደብዳቤህ ውስጥ ያልጻፍከው ነገር ነው። በስንት ሰዓት ነው የምትዋጋው?

እየቀለድኩ አይደለም። ዌስኖዝ ውስጥ ቀንና ሌሊት አለ። ቀኑ እንደኛ ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፣ ስድስት ዙርም (አንተም ጠላትም ተራችሁን አንዳንዴ የምትጫወቱበት) አለው፦ ንጋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ከዚያ ሁለት የሌሊት ዙሮች። ባለ ጦርህና አስማተኛህ ጠዋትና ከሰዓት 25 በመቶ ይበረታሉ፣ ሌሊት በዚያው ልክ ይደክማሉ። ኦርክና አጽም እንደ ጅብ ናቸው፣ ሲጨልም ነው ጉልበታቸው። ባለ ጦርህ በአንድ ምት 7 ጉዳት ያደርሳል፣ ግረንት የሚባለው ተራ ኦርክ ደግሞ 9። ቀን ላይ ያንተ 9 ይሆናል፣ የሱ ወደ 7 ይወርዳል። ሌሊት ያንተ 5፣ የሱ 11! ሰውዬው ያው ነው፣ ኦርኩም ያው ነው፣ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። አሁን ራስህን ጠይቅ፣ ኦርኮቹ አይስቱም ያልከው የቀኑን ነው የሌሊቱን?

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ወንዝ ዳር ነው። ፈረሰኞች ነበሩኝ፣ ጠላት ማዶ ቆሟል፣ እጄን በላኝና በምሽቱ ዙር ወንዙ ውስጥ አስገባኋቸው። ውሃ ውስጥ ያለ ወታደር የመከላከል አቅሙ 20 በመቶ ብቻ ነው፣ ማለትም ከ100 ምት 80ው ያገኘዋል። ቀጥሎ ሌሊት ሆነ። ሲነጋ አንድም ፈረስ አልቀረም። የዚያን ቀን ዕድሌን ረገምኩ፣ ጌሙን አጠፋሁት፣ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ምሽት ሲቃረብ ወደ ኋላ ተመለስ። መንደር ወይም ግንብ ውስጥ ግባ፣ እዚያ ሰዎችህ 60 በመቶ ይከላከላሉ፣ መንደር ደግሞ በየዙሩ 8 ላይፍ ይመልስልሃል። ኮምፒውተሩ ትዕግስት ስለሌለው ተንደርድሮ ይመጣል፣ ይምጣ። ወንዝ ካለ አንተ ደረቁ ላይ ቁም፣ እሱ ውሃው ውስጥ ይቁም። ሲነጋ ውጣና ምታው። ማፈግፈግ ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል፣ በተለይ ጀማሪ ሲኮን፤ እዚህ ጌም ላይ ግን ግማሹ ችሎታ እሱ ነው።

አስማተኛህንም አትጥላው። የሚያጠቃው ከርቀት ስለሆነ ቀስትና ወንጭፍ የሌለው ግረንት በዚያ ዙር መልስ አይሰጠውም፣ በነጻ ነው የሚመታው። ችግሩ የጠላት ተራ ሲደርስ ነው። አስማተኛው ያለው ላይፍ 24 ነው፤ ሌሊት አንድ ግረንት ሁለቴ ከመታው 22 ይወስድበታል፣ ሌላ ግረንት አንዴ ከጨመረለት ይደፋል። ተኩሶ ሲጨርስ ግራና ቀኙን ሰው አቁምለት። ትከሻ ለትከሻ መደርደር አይጠበቅብህም፦ እያንዳንዱ ወታደር በዙሪያው ያሉትን ስድስት ቤቶች (ካርታው የተከፋፈለባቸውን ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች) ይቆጣጠራል፣ እዚያ የገባ ጠላት ይቆማል። በሁለት ወታደሮች መሃል ሁለት ባዶ ቤት ብትተው እንኳ በዚያ ዙር ሾልኮ አያልፍህም። እኔ ይሄን እስክረዳ ስንት አስማተኛ እንደቀበርኩ አትጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ ይህን ዌስኖዝ የሚባል ጌም ይወደዋል፣ «እማዬ አብረን እንጫወት» እያለ ይለምነኛል። እኔ ከካርታ ጨዋታ ውጪ የማውቀው የለም፣ ጣቴም ፈጣን አይደለም። ከየት ልጀምር? ገንዘብስ ያስወጣል?

መልስ፦ እሜቴ፣ ገንዘቡን ይርሱት፣ ለኮምፒውተር በነጻ ነው የሚገኘው። ዴቪድ ዋይት የሚባል ሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እያሻሻሉት እዚህ ደርሷል። ለጣትዎም አይጨነቁ። ተራ በተራ ነው የሚሄደው፣ ድስቱን አማስለው ቢመለሱ ጌሙ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

መጀመሪያ ማስተማሪያውን ይክፈቱ። ከሁለቱ ገጸ ባሕርያት ኮንራድን ወይም ሊሳርን ይመርጣሉ፣ ዴልፋዶር የሚባለው ሽማግሌ አስማተኛ በአሻንጉሊት ጠላት ላይ ያለማምድዎታል። ከዚያ የሁለቱን ወንድማማቾች ዘመቻ (በአንድ ታሪክ የተያያዙ ውጊያዎች ማለት ነው) ይሞክሩ፣ አጭር ነው፣ ለጀማሪም ታስቦ የተሠራ ነው። ልጅዎ «የዙፋኑ ወራሽ» የሚለውን ዘመቻ እንጀምር ሊልዎት ይችላል፣ ስመ ጥር ነውና፤ ግን በጣም ረጅም ስለሆነ ይቆይልን ይበሉት።

ለሁለት ለመጫወት ሁለት ኮምፒውተር አያስፈልግም። በአንዱ ላይ እሱ ዙሩን ይጨርሳል፣ ወንበሩን ይለቅልዎታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ አልገጥመውም፣ ከጎኑ ተቀምጬ ከማጥቃቱ በፊት «ለምን እሱን መረጥክ?» እያልኩ እጠይቀው ነበር። ልጆች ማስረዳት ሲጀምሩ ስህተታቸውን ራሳቸው ያገኙታል፣ እርስዎም ሕጉን በዚያው ይለምዱታል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ወታደሮቹ ስም አላቸው። ከአንድ ውጊያ የተረፈውን ለሚቀጥለው በጌሙ ገንዘብ በ20 ወርቅ መልሶ መጥራት ይቻላል፣ ልምድ ሲያጠራቅም ደረጃው ያድጋል፣ ሲያድግ ቁስሉም ይድንለታል። ልጁ አምስት ውጊያ ያሳደገው ወታደር ሲሞትበት ቢያለቅስ «ጌም አይደል እንዴ?» አይበሉት። የራስዎ ሰው ሲሞት ያዩታል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። አጥቅቼ ስስት ሴቭ ያደረግኩትን መልሼ እከፍታለሁ፣ እስክመታ ድረስ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ነውር ነው?

መልስ፦ ነውርስ አይደለም፣ ጌሙ ያንተ ነው። ግን እስክትመታ እየመለስክ ከተጫወትክ መጥፎ ጥቃት ከጥሩው የምትለይበት መንገድ የለህም፣ ሁሉም በመጨረሻ ይሳካልሃላ! ከላይ የሐዋሳው ወንድማችን ቢያንስ ተሸንፎ ጠየቀ። ውጊያው ጨርሶ ከተበላሸ ከመጀመሪያው ዙር እንደገና ጀምር፣ ካርታውን አሁን ስለምታውቀው ሌላ ሰው ሆነህ ነው የምትገባው። እኔ መሃል ላይ የምመልሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ገና ግማሹን ጦር ሳላንቀሳቅስ ዙር መጨረሻውን ቁልፍ በስህተት ስጫን። እሱን ለማንም አልናገርም።