ዲጋሉን ምን በላው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስንዴ ዘር አመራረጥ ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ዋግ፣ ማለትም ስንዴን ስለሚያጠቃውና ቢጫ፣ ግንድና ቅጠል ዋግ የሚባሉ ዓይነቶች ስላሉት የፈንገስ በሽታ ነው። የጡረታ ዘመኔን በደብዳቤ ስለሚያደምቁልኝ አመሰግናለሁ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ አራቱን ብቻ እመልሳለሁ።

ከሲናና፣ ባሌ፦ «በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴዬን ሲፈጀው ‹ዋግ የማይደፍረው› ተብሎ ዲጋሉ የሚባል ዝርያ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ አጨድኩት። በ2006 ኅዳር ላይ ግን ግንድ ዋግ መጥቶ ማሳው ለኮምባይነር ኪራይ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ጎረቤቶቼ ዘሩ አርጅቷል ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያውም የተበላሸ ዘር ነው የሰጡን ባይ ነኝ። የማን ነው ትክክል?»

ወንድሜ፣ እርስዎም ጎረቤቶችዎም አላገኛችሁትም። ስንዴ በራሱ ብናኝ የሚራባ ሰብል ነው። ከሌላ ዝርያ ጋር እስካልተደባለቀ ድረስ ከዓመት ዓመት ያስቀመጡት ዲጋሉ ያው ዲጋሉ ነው። ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲለቀቅ የነበረው ዘረመል፣ ማሳዎ በቀላበት በዚያ ኅዳርም አገዳው ውስጥ ነበረ። ሥራውንም አላቆመም። የመጣው ዋግ ነው ሌላ የሆነው።

ዲጋሉ ግንድ ዋግን በዋናነት የሚመክተው ትራያምፍ በተባለ የአሜሪካ ስንዴ ውስጥ በታወቀ አንድ ዘረመል ነው። ባለሙያዎች ኤስአር ቲኤምፒ ይሉታል። እንዲህ ያለው ዘረመል እንደ በር ዘበኛ ነው። ዋጉ ወደ ተክሉ ሴል የሚልካትን አንዲት ፕሮቲን በመልኳ ያውቃታል። እንዳያት ያ ሴልና አጠገቡ ያሉት ራሳቸውን ይገድላሉ። ዋግ የሚበላው ከሕያው ሴል ብቻ ስለሆነ እዚያው በረሃብ ይቀራል፤ በቅጠሉ ላይ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጣ ያለች ነጥብ ብቻ ናት። ነገር ግን ዘበኛው የሚያውቀው አንድ መልክ ብቻ ነው። የፕሮቲኗን መልክ የቀየረች ወይም ፕሮቲኗ ጭራሽ የሌላት ዋግ ስትመጣ «ግቢ» ብሎ ያሳልፋታል። ለእያንዳንዱ የተክል ዘረመል በዋጉ በኩል ተጓዳኝ ዘረመል እንዳለ ሃሮልድ ፍሎር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሳይቷል። የሠራው በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ነው።

ያን ዓመት ማሳዎን የመታችው ዋግ ቲኬቲቲኤፍ የሚል የሙያ ስም አላት። በቱርክና በኢራን አስቀድማ ትታወቅ ነበር፤ በእኛ አገር የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እኔን የሚቆጨኝ የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ነው። ሁሉም ዓይኑን የጣለው ኡጋንዳ ላይ በተገኘችውና ዩጂ99 በተባለችው ዋግ ላይ ነበር። ያቺ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያ ገብታ ነበርና ፍርሃቱ ልክ ነበር። ዲጋሉም ዩጂ99ን ይቋቋም ነበር፤ ቢጫ ዋግንም ይቋቋም ነበር። ታዲያ ኩብሳ የወደቀበትን ቦታ ሁሉ እርሱ ወረሰው፣ ከማሳ ማሳ አንድ ዓይነት ዘበኛ ቆመ። ያንን ዘበኛ የምታልፍ ዋግ ስትመጣ የሚያቆማት አልነበረም። በቀይ ዱቄት በተሸፈነ የዲጋሉ ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ የሸክላ ቀለም ይዞ ይወጣ ነበር። ያ ዱቄት በሙሉ የዋግ ዘር ነው። አንዲት ዋግ ወድቃ፣ በቅላ፣ ፈንድታ አዲስ ዱቄት እስክታወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው መኸር ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ በተለያየ ማሳ ይዝሩ። የልማት ሠራተኛውንም «ይህ ዝርያ ዋግ ይቋቋማል?» ብለው አይጠይቁት፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «መከላከያው ከቡቃያ ጀምሮ ነው ወይስ ሰብሉ ሲጎለምስ? አንድ ነው ወይስ ብዙ?» ይበሉት። የማያውቅ ከሆነ ጠይቆ እንዲነግርዎ ያስገድዱት። ይህ መረጃ በዘር ከረጢቱ ላይ መጻፍ ነበረበት ብዬ ከጮህኩ ቆይቻለሁ።

ከአዲስ አበባ፣ ዳቦ ጋጋሪ፦ «ዋግ ከመታው ስንዴ የተፈጨ ዱቄት ሰው ይጎዳል?»

አይጎዳም። ዋግ ፍሬው ውስጥ መርዝ አያስቀምጥም። ፍሬውን ግን ያቀጭጨዋል፤ ከኩንታሉ የሚወጣው ዱቄት ያንሳል፣ ፉርሽካው ይበዛል። ሊፈሩ የሚገባው ዛላውን የሚያነጣና ፍሬው ላይ ሮዝ መሳይ ሻጋታ የሚተወውን ፉሳሪየም የተባለ ሌላ ፈንገስ ነው። እርሱ መርዝ አለው፤ እንዲህ ያለ ስንዴ ከመጣልዎ ይመልሱት።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ፦ «መከላከያ ዘረመሎቹ ብዙ ናቸው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ሁሉንም በአንድ ዝርያ ውስጥ ለምን አትከቷቸውም?»

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነውና በአጭሩ አልመልስልሽም።

መጀመሪያ ሥራውን በእጅሽ ልትሠሪው ይገባል። ዛላው ገና ከቅጠሉ ሽፋን ብቅ ሲል በወረንጦ ትይዢዋለሽ። በእያንዳንዷ አበባ ውስጥ ሦስት የወንዴ ዘንጎች አሉ፤ አረንጓዴ ሳሉ አንድም ሳይቀር ታወጫቸዋለሽ። ቢጫ ከሆኑ ዘግይተሻል፤ አበባዋ ራሷን አዳቅላለች። ከዚያ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ትሸፍኚዋለሽ፤ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ከሌላው ዝርያ ያመጣሽውን ዛላ ከላይ አስገብተሽ እያሽከረከርሽ ብናኙን ታራግፊበታለሽ። ጀርባ ያጎብጣል። ጥሩ እጅ ያላቸው ብዙዎቹ የማውቃቸው ሴቶች የመስክ ረዳቶች ናቸው፤ ስማቸው ግን በዝርያ መልቀቂያ ሰነድ ላይ አይወጣም።

ሂሳቡን ደግሞ ተመልከቺ። አራት ዘረመሎችን ከሁለት ወላጆች ማሰባሰብ ፈልገሽ ነው እንበል። በሁለተኛው ትውልድ አንድ ተክል አንዱን ዘረመል በሁለቱም ክሮሞዞም ይዞ የመገኘቱ ዕድል ሩብ ነው። አራቱንም ለመያዝ ሩብን አራት ጊዜ እርስ በርሱ አባዢው፤ ከ256 ተክል አንድ። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም አለው። ያቺ አንዲት ተክል ደግሞ ምርቷም፣ የዳቦ ጥራቷም፣ ቁመቷም ጥሩ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ችግር እያንዳንዱ ዘረመል ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ኤስአር31 የተባለው የግንድ ዋግ መከላከያ ዘረመል የመጣው የስንዴ ዘመድ ከሆነው ራይ ከተባለ እህል ክሮሞዞም ጋር ተቆርጦ ነው። ለብዙ ዓመታት ዓለምን ከግንድ ዋግ ጠብቋል፤ ዩጂ99 ያሸነፈችው እርሱን ነው። ከእርሱ ጋር የገባው የራይ ክፍል ግን ሊጡን ያጣብቀዋል። ከላይ የጻፉልኝ ዳቦ ጋጋሪ ይህን ቢሰሙ ይቆጣሉ።

እኔ ግን የማደላው ለሌሎቹ ነው፦ ዋግን ለማይገድሉት፣ ለሚያዘገዩት። ኤስአር2 የተባለው ዘረመል ያሮስላቭ ከተባለ ኤመር (ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት) ወደ ዳቦ ስንዴ የገባው በአሜሪካዊው ኤድጋር ማክፋደን እጅ ሲሆን፣ ሆፕ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተገኘው ከዚያ ነው። እስከ ዛሬ ይሠራል። ዋጉ ይይዛል፣ ግን ቁስሎቹ ያነሱና የተራራቁ ይሆናሉ፤ ሰብሉ ፍሬ ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ብቻውን በቂ ስላልሆነ ከሌሎች ጋር ይደመራል። ኤልአር34 የሚባለውም እንዲሁ ነው፦ ቅጠል ዋግን፣ ቢጫ ዋግንና ሌሎችንም በአንድ ላይ ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተለይቶ ሲታይ ዘበኛ ሳይሆን በሴል ሽፋን ላይ ነገር የሚያመላልስ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ምልክት አላቸው፤ ማሳ ስትወርጂ ፈልጊያቸው። ኤስአር2 ያለበት ስንዴ ሲበስል የፍሬው ገለባና ከአገዳው አንጓ በታች ያለው ክፍል ጥላሸት የነካው መስሎ ይጠቁራል። ኤልአር34 ያለበት ደግሞ የባንዲራ ቅጠሉ፣ ማለትም ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል፣ ጫፉ ይደርቃል። ገበሬም ነጋዴም ሁለቱንም በሽታ ነው ብሎ ይጠላቸዋል። አዳቃዩም ለዓይን ያምር ብሎ ጠቆር ያለውን የሙከራ ዘር ሲጥል ያየሁበት ጊዜ አለ። መከላከያውን አብሮ ጣለው ማለት ነው። ኤስአር2 ሪሴሲቭ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ተክል መከላከያውን አያሳይም፤ ዛሬ በዲኤንኤ ምልክት መለየት መቻሉ ብዙ ድካም አስቀርቷል።

ስለዚህ መልሴ፦ እንከታቸዋለን፣ ጊዜ ይወስዳል። ከማዳቀል እስከ መልቀቅ አሥር ዓመት ቢፈጅ አይግረምሽ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ገና ያልተሸነፈ ጠንካራ ዘረመል ብቻውን በአንድ ዝርያ ተለቆ ሲታይ ያመኛል። ዋጉ ሁለት ዘረመል ባንድ ጊዜ ለማለፍ ሁለት ለውጥ አብሮ ማግኘት አለበት፤ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። አንዱን ዘንድሮ፣ ሌላውን ከአምስት ዓመት በኋላ ለየብቻ ካቀረብንለት ግን አንድ በአንድ ያልፋቸዋል።

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፦ «እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋግ የሚቋቋመው ስንዴ በላቦራቶሪ ዘረመሉ የተቀየረ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

እውነት አይደለም። እስከ አሁን የጠቀስኳቸው ዝርያዎች በሙሉ ከላይ ለተማሪዋ በገለጽኩት መንገድ፣ በወረንጦና በወረቀት ከረጢት የተገኙ ናቸው። አምስት የግንድ ዋግ ዘረመሎችን በአንድ ላይ አያይዘው በዘረመል ምህንድስና ስንዴ ውስጥ ያስገቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤታቸውን አሳትመዋል። አምስቱም በአንድ ቦታ ስለተቀመጡ በማዳቀል ጊዜ አይበታተኑም፤ የ256ቱ ሂሳብ ይቀራል። ሥራው ብልህ ነው፣ እኔም አልጠላውም። የኢትዮጵያ ገበሬ የሚዘራው ግን እርሱን አይደለም።

እርስዎ የሚኖሩበት ከተማ ግን ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ ማሳዎች የሚሰበሰብ የግንድ ዋግ ናሙና የሚሄድበት አንዱ ቦታ እዚያው ሴንት ፖል ያለው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የእህል በሽታዎች ላቦራቶሪ ነው። አገር ውስጥ ደግሞ አምቦ ላይ ይሠራል። ናሙናውን መከላከያቸው አስቀድሞ በታወቀ የስንዴ ቡቃያዎች ላይ ይረጩታል፤ የትኛው ቡቃያ ቆሰለ፣ የትኛው ነጥብ ብቻ አሳየ ብለው ያነቡና ዋጉን ይሰይሙታል። የቲኬቲቲኤፍ አምስቱ የላቲን ፊደላት የዚያ ንባብ ውጤት ናቸው።

ሌላም ነገር ልጨምርልዎ፤ ወዳጆችዎ ይስሙት። ኤስአር13 የሚባለው፣ ዩጂ99ን የሚመክተው ዘረመል፣ ከሚገኝባቸው ምንጮች አንዱ የኢትዮጵያ ነባር ስንዴ ነው። ይህንኑ ዘረመል ማለፍ የምትችል ዋግ ደግሞ እዚሁ ደብረ ዘይት ላይ ተገኝታለች። ስለዚህ ለፓስታ የሚሆነውን የዱረም ስንዴ የሙከራ ዘሮቻቸውን ደብረ ዘይት ላይ የሚፈትኑ የውጭ አገር አዳቃዮች አሉ።